ጥምቀት በጀርመንኛ፣ ጥምቀት በሩሲያኛ፦ ከዛሪማ የታየ የትርጉም ጣጣ

የእኛ ጥምቀት ጥር 11 ነው። ይሄን የሚጠይቅ የለም። ይሄንኑ ወደ ሩሲያኛ ስትመልሱት «ክሬሽቼኒዬ» የሚል የተዘጋጀ ቃል ታገኛላችሁ፤ በዓሉም እዚያ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ነው፣ ከእኛ ጋር አንድ ቀን። ጀርመንኛው ላይ ስትደርሱ ግን «ኤፒፋኒያስ» ይመጣል። ጀርመኑ ይሄን ቃል ሲያነብ የሚያስበው ጃንዋሪ 6ን ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ ማለት ነው።

የቀን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሩሲያዊው በዚያ ቀን ትዝ የሚለው በረዶ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተቆረጠ ጉድጓድና ብርዱን ችሎ ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ የሚል ሰው ነው። ለጀርመኑ ደግሞ ሰብአ ሰገልን መስለው፣ ዘውድ ደፍተው፣ ቤት ለቤት እየዘመሩ የሚዞሩ ሕፃናት ናቸው የሚታዩት። «ጥምቀት በጎንደር» የምትል አንዲት የፎቶ መግለጫ ሁለት አገር ሄዳ ሁለት ሌላ በዓል ሆነች። ከሁለቱም ሥዕል ውስጥ ታቦቱ የለም። ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወርደው ሕዝብም የለም። ዩኔስኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ላይ ሲያሰፍር በእንግሊዝኛ የጻፈው «የኢትዮጵያ ኤፒፋኒ» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተርጓሚ፣ ሰውም ይሁን ስልክ፣ ያንኑ ተከትሎ ቢሄድ ምን ይደንቃል?

እኔ የዛሪማ ልጅ ነኝ። ዛሪማን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደባርቅ ተነስታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትጨርሱና ጃኬታችሁን ማውለቅ ስትጀምሩ የምትደርሱባት ቆላማ ከተማ ናት። ወደ አዲ አርቃይና ወደ ሽሬ የሚያልፍ መንገደኛ ወርዶ ሻይ የሚልባት። እንግዳ በዚህ መንገድ ማለፍ እንደ ብርቅ ከሆነ ቆይቷል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ያለውን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ደባርቅ ያለ አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልፈለገም። ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ ጎንደር ባህል በአማርኛ አጫጭር ጽሑፎች ጻፈና በጀርመንኛና በሩሲያኛ ሊያወጣቸው ተነሳ። ጀርመኖች ተራራ መውጣት ይወዳሉ፣ ሩሲያውያን ደግሞ በእምነት ቅርባችን ናቸው ነው ሐሳቡ። ስልኩን አወጣ፣ አማርኛውን ለጠፈ፣ ተጫነ። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

ከዚያ ላከልኝ። እኔ ጀርመንኛ እንደምንም አነባለሁ። ሩሲያኛውን በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረው ለተመለሱት አጎቴ ሰጠኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ ካነበቡ በኋላ ስልኩን መለሱልኝና «ይሄንን የጻፈው ወንድ ከወንድ ጋር ነው የሚዘፍነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ «መጣህ» እና «መጣሽ» የተለያዩ ናቸው። ወዳጄ የጠቀሰው የዘፈን ስንኝ ለሴት የተዘፈነ ነው፤ እያንዳንዱ ግስ «ሽ» ይላል። ሩሲያኛም በኃላፊ ጊዜ ሴትና ወንድ ይለያል፤ ሴት ከሆነች «ፕሪሽላ»፣ ወንድ ከሆነ «ፕሪሾል»። ስለዚህ ከአማርኛ በቀጥታ ቢሻገር የሚጠፋ ነገር አልነበረም። የጠፋው መሐል መንገድ ላይ ነው። የእኛን ቋንቋ የመሰሉ ቋንቋዎች በስልክ ሲተረጎሙ ብዙ ጊዜ የሚሻገሩት በእንግሊዝኛ ድልድይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ናቸው። ድልድዩ ላይ ሴትነቷን አራገፈች፤ ማዶ ስትደርስ ሩሲያኛው «ወንድ ወይስ ሴት?» ብሎ ጠየቀ፣ መልስ የሚሰጠው ስለሌለ ወንድ አደረጋት። ሁለት ጾታ የሚለዩ ቋንቋዎች በማይለይ ሦስተኛ ቋንቋ ሲነጋገሩ የሚሆነው ይሄ ነው።

ሌላም አለ። «ሊቁ መጡ» ብሎ የጻፈው በጀርመንኛ «ሊቃውንት መጡ» ሆኖ ወጣ። የአክብሮቱ «መጡ» እና የብዙ ቁጥሩ «መጡ» በእኛ ጽሕፈት አንድ ናቸውና አንድ አዛውንት መንጋ ሆኑ። ጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ» አለው፣ ሩሲያኛ «ቲ» እና «ቪ» አለው፤ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንቱታን ያውቃሉ። ከጀርባ ግን አያውቁም። ስለሌለ ሰው ስታወራ «እሳቸው» የምትለው ነገር ዛሬ በሁለቱም የለም። ይሄ ደግሞ ለባህል ጽሑፍ ትልቅ ጉዳት ነው። አዝማሪ አንድን ባለሥልጣን በ«እሳቸው» ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ «እሱ» ሲያወርደው ቤቱ በሳቅ የሚናጋው ለምን እንደሆነ ለጀርመን አንባቢ ማስረዳት ሞክሩ እስቲ።

አዝማሪ ካነሳን ሰምና ወርቁን እንይ። የታወቀ ስንኝ አልጠቅስም፤ ራሴ ልፍጠር። አዝማሪው ከአንድ ገንዘቡን ከሚሰስት፣ ፊደልም ካልዘለቀው ሹም ፊት ቆሞ «ጌታዬ ይማሩ» አለ እንበል። «ማ»ን ላላ አድርጋችሁ ብታነቡት «ይቅር ይበሉ» ነው፣ ልመና ነው። ጠበቅ ብታደርጉት «ትምህርት ቤት ይግቡ» ነው፣ ስድብ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ማሲንቆው መሐል ደግሞ ጠብቆ ይሁን ላልቶ ዘፋኙ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሹሙ ቢቆጣ «ይቅር ይበሉ ነው ያልኩት» ማለት ይችላል። ይሄ መሸሸጊያ ነው እንግዲህ በትርጉም የሚፈርሰው። ተርጓሚው አንዱን መምረጥ አለበት፤ አንዱን መምረጥ ማለት አዝማሪውን ለሹሙ አሳልፎ መስጠት ነው። የግርጌ ማስታወሻ ቢጽፍ ደግሞ የተብራራ ቀልድ ሆነ፤ የተብራራ ቀልድ ምን እንደሚመስል አታጡትም።

«እነ ጀርመንና ሩሲያ እርስ በርሳቸው እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለባቸውም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ሁለት ትልልቅ ሥነ ጽሑፎች ናቸው፤ የጎይተን ፋውስት ወደ ሩሲያኛ የመለሰው እንደ ፓስተርናክ ያለ ገጣሚ ነው። ሆኖም ሩሲያኛው «ቶስካ» እና ጀርመንኛው «ዜንዙኽት» አሁንም አይገናኙም። ዜንዙኽት ወደሆነ ነገር የሚስብ ናፍቆት ነው። ቶስካ ምን እንደጎደለ ሳይታወቅ የሚከብድ ልብ ነው። የእኛ ትዝታ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ በዚያ ላይ የዘፈን ስም ነው፣ እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የቅኝት ስምም ነው። «በትዝታ ቅኝት ተጫወተ» የሚለውን የወዳጄ ስልክ «እያስታወሰ ተጫወተ» አደረገው። ሰውዬው ምን እንዳስታወሰ እግዜር ይወቅ።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ስለ ሥነ ጥበብ በመጻፍ ከሁሉ የሚገርመኝ ካንዲንስኪ ነው። ሞስኮ የተወለደ ሩሲያዊ ሠዓሊ ነው፤ ሙኒክ ተቀምጦ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ስለ ጥበብ መንፈሳዊነት የሚናገር ዝነኛ መጽሐፍ የጻፈው በጀርመንኛ ነበር። ርዕሱ ላይ ያለው የጀርመንኛ ቃል መንፈስም አእምሮም ማለት ስለሆነ እስከ ዛሬ ተርጓሚዎችን ያስቸግራል። አማርኛ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ለዚህ ከብዙዎቹ የተሻለ ቃል አለው፦ «ረቂቅ»። አብስትራክት ሥዕልን «ረቂቅ ሥዕል» ነው የምንለው፤ ዓይን የማያየውን፣ መንፈስ የሆነውንም «ረቂቅ» ነው የምንለው። ካንዲንስኪ አንድ መጽሐፍ ሙሉ የተከራከረለት ነገር በአንድ ቃል ተቀምጦልናል። ያሳዝናል፣ «ረቂቅ ሕግ» የሚባል ነገርም አለ። ስለዚህ ወዳጄ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ «የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ» ብሎ የጻፈው በጀርመንኛ ሥዕሎቹን ገና ያላለቁ ንድፎች አድርጓቸው አረፈ።

ገብረ ክርስቶስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ወሬ እውነተኛ ባለቤት እሱ ነው። ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ኮሎኝ ጀርመን ሄዶ ተምሮ መጣ፤ የሚሥለውንም የሚጽፈውንም የዘመኑ ሰው «ምንድን ነው ይሄ?» እያለ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹ እዚያ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ በያኔዋ ሌኒንግራድ የተማረው ታደሰ መስፍን አለ፤ እንደሱ በሶቪየት ተምረው አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ያስተማሩም ጥቂት አይደሉም። ማለትም የእኛ ዘመናዊ ሥዕል ራሱ አንድ እግሩ ጀርመን፣ ሌላው ሩሲያ የረገጠ ነው። ስለ እነሱ በአማርኛ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው። ሠዓሊው በጀርመንኛ የተማረውን ነገር እኛ በእንግሊዝኛ አልፈን በአማርኛ እናነባለን፤ ከዚያ ስልካችን መልሶ ወደ ጀርመንኛ ይወስደዋል። ዕቃ በብዙ እጅ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን መናኸሪያ ያደረ ሰው ያውቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1652 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ከተማ አስመጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠሩ። ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን ነው። መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር፤ ሉዶልፍ ከመጽሐፍ ያወቀውን ግዕዝ እየተንተባተበ። ከዚያ ድካም ነው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የወጣው፣ በ1698 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክፈርት ላይ የታተመው። ሁለት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ። በሩሲያም በኩል ኢ. ጋንኪን የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 ሞስኮ ላይ የአማርኛ-ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት አውጥቷል፤ ቀጥታ፣ ያለ እንግሊዝኛ። በተቃራኒው ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ ከ1917ቱ አብዮት በፊት አገራችን መጥቶ በአስተርጓሚ እየታገዘ ዘፈኖች ሰበሰበና በሩሲያኛ አወጣቸው። ግጥምነታቸው ያምራል፤ የቱ የዘፋኙ የቱ የጉሚልዮቭ እንደሆነ ግን መለየት ከባድ ነው። አስተርጓሚው ምን ሰማ፣ ምን አለ፣ ስሙስ ማን ነበር? ተርጓሚ እንዲህ ነው የሚረሳው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ጀርመንኛ፣ ሩሲያኛና አማርኛ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡበት ታሪክ ያለው ከዛሪማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው። ሰሜን፣ ጃን አሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሰናዷት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ ውቤን ድል አድርጎ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠባት ቤተ ክርስቲያን። በዚያ ዘመን ከውቤ ዘንድ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ውቤ ሲወድቁ ለቴዎድሮስ አደረ። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ ካታሪና ከቴዎድሮስ መድፍ ሠሪዎች አንዱ የነበረውን የክራኮውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። የእነሱ ልጅ ማግዳሌና ደግሞ ከሩሲያ የመጣውን ባሮን ኡስቲኖቭን አገባች። የልጅ ልጇን ታውቁት ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አባቱ በጀርመንኛ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ እናቱ ሩሲያዊት ሠዓሊ፣ የአባቱ አያት የኢትዮጵያ ደም ያላት። (መድፍ ካልን አይቀር፣ ጋፋት ላይ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ለቴዎድሮስ የሠሩት ትልቁ መድፍ ስሙ ሴባስቶፖል ነበር፤ የክሪሚያ ከተማ ስም።)

ወዳጄ ስለ ደረስጌ በጻፈው ላይ ይሄ ታሪክ አንድም ቃል አልነበረም። ለምን ብለው «ፈረንጆቹ ያውቁታል ብዬ» አለኝ። አያውቁትም። ወይም ጀርመኑ ዛንደርን ሊያውቅ ይችላል፣ ሩሲያዊው ኡስቲኖቭን ያውቃል፤ ጃን አሞራ ላይ እንደሚገናኙ ግን ሁለቱም አያውቁም። ስለዚህ ለሁለቱ የሚጻፈው ጽሑፍ አንድ መሆን የለበትም። ለጀርመኑ ከዛንደር ጀምር፣ ለሩሲያዊው ከኡስቲኖቭ ጀምር፣ ሁለቱንም ደረስጌ ላይ አድርሳቸው። ይሄን ደግሞ ስልክ አያደርገውም፤ ስልክ የተሰጠውን ቃል ነው የሚመልሰው፣ ማን እንደሚያነበው አይጠይቅም።

ስልክ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ጉግል በ2016 (እ.ኤ.አ.) አማርኛን ሲጨምር ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ የሆቴል ዋጋ፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ የመድኃኒት መመሪያ ለማንበብ ጠቅሞናል። ለባህል ጽሑፍ ግን ዋናው ነገር ቃሉ ሳይሆን አንባቢው ከወዲሁ የሚያውቀው ነው። እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ በ2025 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ የወጣውን «ኦሮማይ» ተመልከቱ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ጠበቀ። የተረጎሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ። ርዕሱን አልነኩትም። ከጣሊያንኛ መጥቶ አስመራ ላይ «አለቀ፣ አበቃ» የሆነን ቃል በእንግሊዝኛ ልተካው ቢሉ ግማሹ መጽሐፍ ይሞት ነበር። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ግን «ሁለት ሰዎች» የሚለው ላይ ነው፤ ያው የሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ጠረጴዛ።

ጥያቄው ታዲያ የእኛ ልጆች ያንን ጠረጴዛ ከየት ያምጡ ነው። ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎይተ ኢንስቲትዩትም፣ ሩሲያኛ የሚያስተምረው በፑሽኪን ስም የተሰየመው የሩሲያ የባህል ማዕከልም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከደባርቅ 800 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን። ዶይቸ ቬለ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ያወራናል፤ እዚያ በየቀኑ ጀርመንኛን ወደ አማርኛ የሚያሻግሩ ባለሙያዎች አሉ። ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግር ግን፣ የአዝማሪ ቤትን ሳቅ ለበርሊን አንባቢ የሚያደርስ፣ በጣት የሚቆጠር ነው። እንግዳ እንደገና መምጣት ሲጀምር ስለ ጎንደር የሚነበበው ማን የጻፈው ይሆናል? እኔ ከአሁኑ የማየው ከሆነ፣ ከእንግሊዝኛ የተቀዳው ነው።

እኔና ወዳጄ ጋሼን ጨምረን ጽሑፎቹን እንደገና እየሠራናቸው ነው። «ጥምቀት»ን በሁለቱም ቋንቋ «ጥምቀት» አልነው፣ ቀኑን ጻፍን፤ ለሩሲያዊው በረዶ እንደሌለ፣ ለጀርመኑ ንጉሦቹ እንዳልመጡ የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርን። «ታቦት»፣ «አዝማሪ»፣ «ማሲንቆ» እንዳሉ ቀሩ። ስልኩ «ባለ አንድ ክር ቫዮሊን» ያለውን ጋሼ ሲሰሙ «ቫዮሊንን ባለ አራት ክር ማሲንቆ ይሉታል ወይ?» ብለው ዘጉት።

ያላለቀው «ጥበብ» ነው። በእኛ ቋንቋ ዕውቀትም ነው፣ ኪነትም ነው፣ የነጠላ ጠርዝ ላይ ያለው ቀለምም ነው። ጀርመንኛው «ኩንስት» የመጣው «መቻል» ከሚል ቃል ነው፣ ሩሲያኛው «ኢስኩስትቮ» ከ«መፈተን»። እስከዚህ ደስ ይላል። ከጥበብ ጎን ግን «ጠይብ» አለ። ወለቃ መንደር ላይ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች፣ ከእነሱ በፊትም ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በቡዳ የሚታማበት ስም ነው። በጀርመንኛ «የእጅ ባለሙያ» ስትሉት የተከበረ ሰው ይሆናል፣ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ስድቡ ይጠፋል። ስድቡን ካስገባነው ደግሞ ሸክላ ልትሸጥ መንገድ ዳር የተቀመጠችውን ሴት እንደገና መስደባችን ነው፣ በባዕድ ቋንቋ። ወዳጄ «እንዝለለው» ይላል። እኔ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ። ጋሼ ሁለታችንንም ሰምተው «እሷን ጠይቃችኋታል?» አሉ። ወለቃ የምንሄደው ቅዳሜ ነው።